ሰው ጭኜ አላለቅስም

ያን ጊዜ ሰላሳ አራት ዓመቴ ነበር። የሁለት ልጆች እናት ሆኜ፣ መንጃ ፈቃድ በቦርሳዬ ይዤ፣ ሃይዌይ መውጣት ግን የምፈራ ሴት ነበርኩ። ብሩክሊን ፓርክ ወዳለው መጋዘን ለሥራ ስሄድ እንኳ በሰፈር ለሰፈር መንገድ፣ በየመብራቱ እየቆምኩ ነው የምደርሰው። ያቺን መንጃ ፈቃድ ያስወጡኝ እትዬ ለተ ናቸው። በዚህ ጸደይ ቀበርናቸው። ሰዉ ስለ ጸሎታቸውና ስለ ደግነታቸው ሲናገር እኔ የማስበው እጃቸውን ነበር፤ መሪ ላይ ሲያርፍ የማይጨነቀውን፣ የማይቸኩለውን እጃቸውን።

እትዬ ለተ አስመራ ተወልደው እዚያው በአማርኛ የተማሩ፣ ሚኒያፖሊስ ከመጡ በኋላ ደግሞ እስከ ጡረታቸው ድረስ ቢጫውን የተማሪዎች አውቶቡስ የነዱ ሴት ናቸው። ሲዋርድ ሰፈር በነበርንበት ሕንፃ ከእኛ በታች ይኖሩ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያናችንም አንድ ነው። ቁመታቸው አጭር ስለሆነ ወንበሩ ላይ ትራስ ጨምረው ነው የሚነዱት። ከውጭ ለሚያይ ያ ሁሉ አውቶቡስ ያለ ሹፌር የሚሄድ ይመስላል። «ልጆቹ የመጀመሪያ ቀን ይስቁብኛል፤ በማግስቱ ቁጭ ይላሉ» ይሉ ነበር።

መንዳት ያስተማሩኝ በቤተ ክርስቲያኑ ፓርኪንግ ነው፣ እሁድ ከአምልኮ በኋላ፣ ሰው ሁሉ ከተበተነ። አንድ ቀን ወደ ኋላ ስሄድ የቆሻሻ ገንዳውን ገጨሁት። መኪናው የባሌ ነው። ደነገጥኩ፣ እንባዬ መጣ፤ እያለቀስኩ መንዳቴን ቀጠልኩ።

«አቁሚ» አሉኝ።

አቆምኩ።

«ማርሹን ፓርክ ላይ አድርጊ። የእጅ ፍሬኑን ሳቢ። አጥፊው። ቁልፉን አውጪና ለእኔ ስጪኝ።»

የተባልኩትን አደረግኩ። ቁልፉን ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱና በምትኩ ሶፍት አወጡልኝ።

«በይ አሁን አልቅሺ።»

እንዲህ ሲሉኝ ሳቄ አመለጠኝ። እሳቸው ግን አልሳቁም።

«ጓለይ» አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው፤ ነገር ሲከብዳቸው ትግርኛው ይቀድማቸዋል። «ሹፌርም ሰው ነው፤ ያለቅሳል፣ ይናደዳል። ግን አቁሞ ነው። ባለቤቴ ሥራ ቦታ ወድቆ ሆስፒታል የገባ ቀን በሬዲዮ ነው የነገሩኝ፤ አውቶቡሱ ሙሉ ነው፣ ውጭው በረዶ። ምትክ ሹፌር እንላክልሽ አሉ። እስኪመጣ ልጆቹ በብርድ ይቁሙ? አንድ በአንድ በየቤታቸው አወረድኳቸው፤ ባይ ባይ አልኳቸው። አውቶቡሱን መልሼ አቆምኩ፣ ቁልፉን አስረከብኩ። ከዚያ ነው የጮህኩት። ሰው ጭኜ አላለቅስም።»

ባለቤታቸው ያን ቀን ነው ያረፉት። ይህን ሲነግሩኝ የመኪናውን ዳሽቦርድ እንደ በቅሎ አንገት መታ መታ ያደርጉ ነበር፤ ልማዳቸው ነው።

ሌላም የማልረሳው ወሬያቸው አለ። እናታቸው አስመራ ሲሞቱ ዘመድ አዝማዱ ተመካክሮ ለወራት ደብቋቸዋል። ብቻዋን ናት፣ ሥራ ላይ ናት፣ በጋው ይግባላት እየተባለ ነው። በዚያ መሃል የሰው ሰርግ ሄደው ጨፍረዋል። ቪዲዮው አለ።

«እናቴ አፈር ውስጥ፣ እኔ መድረክ ላይ» አሉኝ። «መጨፈሬ አይደለም የሚያቃጥለኝ። አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እያወቀ ያጨበጭብልኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲያጨበጭብልኝ ደስ አይለኝም።»

ጡረታ ሲወጡ ሰው ቤት ይገዛል፣ አገር ቤት ይሄዳል ሲባል፣ እሳቸው አሮጌ አርቪ ገዙ፤ ውስጡ አልጋና ምድጃ ያለው፣ ቤት የሚያህል መኪና። «በቅሎዬ» ነው የሚሉት። ልጃቸው ዮናስ ፕሊማውዝ ቢሮ የሚሠራ ኢንጂነር ነው፤ «እማ፣ አር ዩ ሲሪየስ?» ብሎ ራሱን ይዞ ነበር አሉ። በየበጋው ከቤተ ክርስቲያን ሴቶች ሁለት ሦስት ይመርጡና ወደ ትልቁ ሐይቅ፣ ወደ ሱፒሪየር ይዘው ይወጣሉ። በዚያ ዓመት ተራው የእኔና የሶስና ሆነ።

ሶስና ከእኔ ጋር መጋዘን ትሠራለች። የዋህ ናት፤ ግን ነገር ከሆዷ አያድርም። ልጅ መፀነሷን ከባሏ በፊት የፈረቃ አለቃችን ነው የሰማው። መንጃ ፈቃድም የላትም።

ዱሉት ለመግባት መንገዱ ከኮረብታው አናት ቁልቁል ይወርዳል። ከታች ሐይቁ ድንገት ይገለጣል፤ ወዲያ ማዶ የለውም። ሶስና «ኢየሱስ!» አለች። እኔ ወንበሩን ጨበጥኩ። እትዬ ለተ ማርሹን ዝቅ አድርገው ፍሬን ሳይነኩ በዝግታ አወረዱን።

«ወንድሜ ተስፋይ ነው ይህን ያስተማረኝ» አሉ። «ከአስመራ ወደ ምጽዋ ሲወርዱ ገደሉ ዓይንሽ ሥር ነው። ‹ቁልቁለት በማርሽ እንጂ በፍሬን አይወረድም፤ ፍሬን ይግላል፣ ማርሽ ግን ይይዝልሻል› ይለኝ ነበር። ሴት ልጅ መሪ አትይዝም በተባለበት ዘመን በጭነት መኪናው ደብቆ ያስተማረኝ እሱ ነው። ትናንት ደወልኩለት። ያስለዋል፣ ግን ይስቃል።»

ከታች ስንቆም በስልካቸው ፎቶውን አሳዩን፤ ኮፍያ ያደረጉ፣ ጥርሳቸው የጎደለ፣ የሚስቁ ሽማግሌ። ስልኩ ለካርታው ተብሎ ዳሽቦርዱ ላይ፣ ፊት ለፊታቸው ተሰክቶ ነው የሚቀመጠው።

ያን ቀን ሐይቁን በቀኝ ይዘን እስከ ላይ፣ ካናዳ ድንበር እስከሚቃረብ ድረስ ነዱን። ከዱሉት ብዙ ከራቅን በኋላ ኔትወርክ ይመጣል፣ ይሄዳል። የውሃው ዳር አሸዋ የለውም፤ ድንጋይ ነው፣ ማዕበሉ ያለሰለሰው። እትዬ ለተ ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን ነከሩና ጮኹ። «በሐምሌ በረዶ!» እያሉ እንደ ልጅ ሳቁ። ያን ሳቅ ደጋግሜ የማስበው የመጨረሻው ያልተበረዘ ሳቃቸው ስለነበር ነው፤ እኛ ጋ ገና ወሬው አልደረሰም።

በማግስቱ ጠዋት ዳቦ ልገዛ ከካምፑ ወጥቼ እስከ ነዳጅ ማደያው ድረስ በእግሬ ሄድኩ። እዚያ ኔትወርክ ገባና ስልኬ ጮኸ። ዮናስ ነው።

«ምህረት፣ እማ አጠገብሽ ናት?»

«የሉም፤ አርቪው ጋ ናቸው። ምነው?»

«አንክል ተስፋይ አርፏል። ማታ ነው። ሌሊቱን ስደውልልሽ አትገቢም።»

ዳቦውን ደረቴ ላይ አቅፌ ቆምኩ።

«እንዳትነግሪያት» አለኝ። «ዛሬ እንደ ፕላናችሁ ተመለሱ። ነገ በጠዋት ከፓስተርና ከሽማግሌዎቹ ጋር ገብተን እንነግራታለን። ልቧን ታውቂያለሽ። ባለፈው ዓመት ነው ያ የልብ ማሽን የገባላት።»

«ዮኒ፣ እሳቸው እኮ እንዲደበቅባቸው አይፈልጉም። የእናታቸውን ጊዜ…»

«አይ ኖው! አውቃለሁ። ግን መሪው ላይ ያለችው እሷ ናት። ሌላ የሚነዳ አለ?»

መልሱን ሁለታችንም እናውቀዋለን።

«ስለዚህ ፎኗን ብቻ ሀንድል አድርጊልኝ። ከአስመራ ሰው ሊደውል ይችላል። ፕሊስ።»

እያሰብኩ ተመለስኩ። ብነግራቸው እዚያ ጫካ ውስጥ፣ ሐኪም በሌለበት፣ ልባቸው ቢከዳቸውስ? ባልነግራቸው ደግሞ ያን አዳራሽ ሙሉ ሰው መሆኔ ነው፤ ማጨብጨቤ ነው። ለሶስና መንገር አልነበረብኝም፤ ግን ብቻዬን ልይዘው አልቻልኩም። ከአርቪው ጀርባ ጎትቼ ነገርኳት። እጇን አፏ ላይ ጫነች፤ ከዚያ በኋላ እጇን ከአፏ ያነሳችው ለምግብ ብቻ ነው።

ምግቡ ነው ያጋለጠን። ማን አዘዘን ሳንል ሁለታችንም ምድጃው ላይ ተረባረብን። ድርቆሽ ፍርፍር ሠራን፣ እንቁላል ጠበስን፣ ዳቦውን ቆረስን፣ ሻዩ ላይ ማር ጨመርን። እትዬ ለተ ጠዋት አንድ ዳቦ በሻይ የሚበቃቸው ሰው ናቸው።

«ይጨምሩ እንጂ እትዬ።»

«ጠገብኩ፣ ልጆች። ምን ነካችሁ ዛሬ?»

«መንገዱ ረጅም ነው፣ ይብሉ» አልኩ።

«በእግር ነው እንዴ የምንሄደው?»

ሶስና ጉርሻ ጠቅልላ ቀረበች። «ይቺን ብቻ። በሞቴ!» አለችና ምላሷን ነከሰች። እጇ አየር ላይ ቀረ። እትዬ ለተ አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን አዩ። ከዚያ አፋቸውን ከፍተው ጎረሱ።

ልንነሳ ስንል ስልካቸውን ከዳሽቦርዱ ላይ አነሳሁ።

«ቻርጅ ላድርግልዎ፤ ሊያልቅ ነው።»

«ካርታውስ?»

«በእኔ እናያለን።»

«ምን ካርታ ያስፈልጋል? አንድ መንገድ ነው፤ ሐይቁን በግራ ይዞ መውረድ ነው» አሉና ትራሳቸውን አስተካክለው አስነሱ። በቅሏቸውን አንገቷን መታ መታ አደረጓት።

ያን መንገድ እስከ ዛሬ በሕልሜ እነዳዋለሁ። ጭጋጉ ከውሃው ተነስቶ አስፋልቱ ላይ ይተኛል። ግንድ የጫኑ ረጃጅም መኪኖች ከጭጋጉ ውስጥ ድንገት ብቅ ይላሉ፤ በአጠገባችን ሲያልፉ አርቪው ይወዛወዛል፣ መደርደሪያው ውስጥ ያለው ሳህን ይንጫጫል። እኔ ከጎናቸው ተቀምጬ ሁለት ነገር እጠብቃለሁ፤ አንድ ዓይኔ መንገዱ ላይ፣ አንድ ዓይኔ ስልኩ ላይ። ኔትወርኩ ሲጠፋ እተነፍሳለሁ። ትንሽ ከተማ በቀረበ ቁጥር ስልካቸውን የከተትኩበትን ቦርሳዬን አጥብቄ እይዛለሁ። ከኋላ ሶስና ዝም ብላለች። ሶስና ዝም!

አንድ መንደር ስናልፍ ቦርሳዬ ጭኔ ላይ መንዘር ጀመረ። አላቆመም። አንዱ ሲዘጋ ሌላው ይቀጥላል።

«ቦርሳሽ ብርድ ያዘው እንዴ? ይንቀጠቀጣል» አሉ፤ ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳያነሱ።

«የእኔ ስልክ ነው። ከሥራ ነው።»

«አንሺዋ።»

«ይቆያሉ።»

«ከሥራ ሲደውሉልሽ ይቆያሉ ብለሽ አታውቂም» አሉ።

ቦርሳውን ከእግሬ ሥር አድርጌ ረገጥኩት። እሳቸው መሪውን በሁለት እጃቸው ያዙ፤ አልጨበጡትም፣ ያዙት። ፍጥነታቸው አልጨመረም፣ አልቀነሰም። ስለ ዛፉ ሲያወሩ፣ ስለ ወፉ ሲያወሩ የነበሩት ሴት ወሬያቸውን አቆሙ። መንገዱ ጠበበ፤ በአንድ በኩል አለት፣ በሌላው ውሃ። ዋሻ መጣ፤ ገባን፣ ወጣን። ከዋሻው ማዶ አንዲት ትንሽ ማቆሚያ ነበረች፣ አለፏት። ማወቅ አለማወቃቸውን ፊታቸው ላይ ፈለግኩ፤ የማየው አገጫቸውን ብቻ ነው፣ ቀስ እያለ የሚንቀሳቀስ፣ እንደሚያኝክ ሰው።

ብዙ ከሄድን በኋላ በግራ በኩል ሰፊ የእረፍት ቦታ ተከፈተ፤ ከታቹ ድንጋያማ ዳር አለው። ሲግናል አሳዩ። ከፊት የሚመጣውን መኪና አሳለፉ። ተሻግረው ገቡና ሐይቁን ፊት ለፊት አድርገው አቆሙ።

ማርሹን ፓርክ ላይ አደረጉ። የማቆሚያ ፍሬኑን ረገጡ። አጠፉት። ቁልፉን አወጡና መዳፌን ከፍተው እጄ ላይ አኖሩት።

«አሁን እየነዳሁ አይደለም» አሉኝ። «ማነው?»

ሶስና ከኋላ ትንፋሿን ስትስብ ሰማሁ። ዮናስ ታወሰኝ፣ ነገ ጠዋት በራቸው ላይ የሚቆሙት ሽማግሌዎች ታወሱኝ። «ኧረ ምንም የለም» የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ነበር፤ ሁላችንም ተለማምደነው ያደግነው ቃል ነው። ቁልፉ ግን እጄ ላይ ነበር፣ ከእጃቸው የተነሳ ገና እንደሞቀ።

«ጋሽ ተስፋይ» አልኩ።

«መቼ?»

«ትናንት ማታ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ቀበቷቸውን ፈቱ። ወርደው በድንጋዩ ላይ እየተደገፉ እስከ ውሃው ሄዱና ተቀመጡ። ከዚያ የወጣው ድምፅ ከዚያ ትንሽ ሰውነት ይወጣል ብዬ አላስብም ነበር። በትግርኛ ነው የሚያለቅሱት፤ ስሙን እየጠሩ፣ ቁልቁለቱን እየጠሩ፣ የጭነት መኪናውን እየጠሩ። ሶስና ሮጣ አቀፈቻቸውና ያፈነችውን ሁሉ አብራ ለቀቀችው። እኔ አጠገባቸው ተንበርክኬ የእጃቸውን አንጓ ይዤ ትርታቸውን እቆጥር ነበር፤ የማላውቀውን ነገር፣ እንዲያው ከፍርሃት። አንዲት ነጭ ሴትዮ ውሻዋን ይዛ ልትረዳን ቀረበች። «ብራዘር» አለቻት ሶስና። ሴትዮዋ ፈቀቅ ብላ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች፤ እስክንነሳ ድረስ አልሄደችም።

ሲረጋጉ ፊታቸውን በሐይቁ ውሃ አጠቡ።

«መቼ አወቁ?» አልኳቸው።

«ቁርስ ላይ ጠረጠርኩ። መርዶ ያለበትን ሰው አስቀድመው ያበሉታል፤ እኔም ስንቱን አብልቻለሁ። ይቺ ደግሞ ዝም አለች» አሉ ሶስናን በአገጫቸው እያሳዩ። «ቦርሳሽ ሲንቀጠቀጥ አወቅኩ።»

«ታዲያ ያን ሁሉ መንገድ…»

«መንገዱ ዳር የለውም፤ ያቺ ማቆሚያም ጠባብ ናት፣ ግንድ የጫነ ይገባብሻል። እናንተን ጭኛለሁ።»

ዮናስን እንጥራው፣ መጥቶ ይውሰደን አልኩ። ዓይኔን አዩኝ።

«ልጄ እስኪመጣ ድንጋይ ላይ ልቀመጥ? ቁልፉ እጅሽ ላይ ነው።»

«እትዬ፣ እኔ ሃይዌይ እንኳ…»

«በመስታወቱ ጀምሪ» አሉኝ።

ትራሳቸውን አነሳሁና ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። መስታወቱን አስተካክዬ አስነሳሁት። እሳቸው ከጎኔ ሆነው ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አድርገው ያለቅሳሉ፤ በለቅሶው መሃል ነጠላውን ገለጥ ያደርጋሉ።

«ወንድሜ፣ ወንድም ጋሻዬ… ወደ ቀኝሽ ነይ፣ መሃሉን በልተሽዋል… ተስፋይ፣ ሳልቀብርህ… ፍሬኑን ተይው! በማርሽ! በማርሽ!»

ሶስና ከኋላ እያለቀሰች መሳቅ ጀመረች። እኔም እንባዬ መጣና ፍጥነት ስቀንስ ጉልበቴን መታ አደረጉኝ።

«አንቺ አይቻልም። እኔ ነኝ ተሳፋሪዋ፤ ተሳፋሪ ያለቅሳል።»

ዱሉትን አልፌ፣ ዳገቱን ወጥቼ፣ ያን ስፈራው የኖርኩትን ሃይዌይ ይዤ፣ እትዬ ለተን እያለቀሱ ሚኒያፖሊስ አስገባኋቸው።

ዮናስ ከሕንፃው በር ላይ ቆሞ ነበር። እኔ ከሹፌሩ በኩል ስወርድ አይቶ ገባው። እናቱ አቀፉትና «ሰምቻለሁ፤ ሽማግሌዎቹን ነገ በጠዋት አታስነሳቸው፣ ሲመቻቸው ይምጡ» አሉት። ዮናስ እኔን ለብዙ ጊዜ በእጅ ብቻ ነበር ሰላም የሚለኝ። ልባቸው ቆሞ ቢሆንስ ማለቱ ነው። ቆሞ ቢሆን ምን እንደምለው አላውቅም፤ ዛሬም አላውቅም። እትዬ ለተ ግን ከዚያ በኋላ በየበጋው አርቪውን ሲያስነሱ ቁልፉን መጀመሪያ ለእኔ ነበር የሚወረውሩልኝ። «እስከ ዱሉት አንቺ» ይሉኛል።

ዘንድሮ በጸደይ ያ ልባቸው ሆስፒታል ውስጥ፣ በቀን፣ በጸጥታ ቆመ። ሴት ልጃቸው ሰላም የምትኖረው ካንሳስ ሲቲ ነው። እናቷ መታመማቸውን ሰምታ ብቻዋን መኪና ይዛ እየመጣች ነበር፤ አዮዋን ገና አጋምሳለች። ከሽማግሌዎቹ አንዱ «እንዳይነገራት፤ ተኝተዋል በሏት፣ ትድረስ» አሉ። ሁሉም ተስማሙ። ሁሉም ዮናስን አዩት።

ዮናስ ስልኩን ይዞ ወደ ኮሪደሩ ወጣ። እኔ በሩ አጠገብ ነበርኩ።

«ሰላም፣ እየነዳሽ ነው? … ኖ፣ ስሚኝ። ከፊትሽ ሬስት ኤሪያ አለ? እዚያ ግቢና አቁሚ። እጠብቅሻለሁ።»

ጠበቃት። ግድግዳውን ተደግፎ፣ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ብዙ ጠበቃት።

«አቆምሽ? አጥፊው። ቁልፉን አውጥተሽ በእጅሽ ያዢው። … ያዝሽው?»

ከዚያ ነገራት። ስታለቅስ ስልኩን አልዘጋም። ወደ እኛ ዞሮ ባሌን «መኪናዋን የሚነዳልኝ ሰው እፈልጋለሁ» አለው። ሁለቱ በአንድ መኪና ወደ አዮዋ ሄዱ። ሲመለሱ ባሌ የሰላምን መኪና ነዳ፤ ዮናስ እህቱን ከጎኑ አስቀምጦ ከኋላው ተከተለ።